የእማዬ ጉድጓድ

እናቴ መንገድ አፍራሽ ነበረች። ሐሜት አይደለም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትም እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የቅያሳችን ሰው በሙሉ አይቷል። ሌላ ሰው ነውር ሲሠራ ጨለማን ተገን ያደርጋል። እማዬ ግን ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ጠብቃ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ አካፋዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትወጣና ደግ ሰው የሞላውን ጉድጓድ መልሳ ትቆፍረው ነበር። ጎረቤት ከየደጃፉ ቆሞ ያያል። እኔ ደግሞ ገመድ ላይ በተሰጣ የሆቴል አንሶላ ጀርባ ተደብቄ፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። መሬቷን የምትከፍተው ደግሞ እናቴ ነች።

ቅያሳችን ከትልቁ አስፋልት ተገንጥሎ፣ በግራና በቀኝ በተደጋገፉ ቤቶች መሃል አልፎ፣ መጨረሻው ላይ ካለው መጋዘን በር ጋር የሚላተም ጠባብ መንገድ ነበር። ከቤቶቹ ጀርባ ረጅም ግንብ ስላለ መውጫችንም መግቢያችንም በቅያሱ በኩል ብቻ ነው። ሙሽራ የሚገባው በእሱ፣ ሬሳ የሚወጣው በእሱ። እማዬ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ግቢያችን ውስጥ በርሜል፣ የሳሙና ውሃ የሚፈስበት ቦይ፣ ካውያና ሰፊ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእጅ ጋሪዋ ነበረ። የተተኮሰውን አንሶላ በጋሪው ጭና፣ በላስቲክ ሸፍና፣ እየገፋች ወደ አስፋልቱ ታወጣዋለች። እንግዲህ መሃል መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ ከማንም በላይ የሚያሠቃየው እሷኑ ነበር። ዳቦ ሻጯ ጎረቤታችን እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ትላለች። ሰው ይስቃል። ተረቱ ባይገባኝም እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

መጋዘኑ የአንድ ሳቂታ ሰው ነው። እኛ ልጆች «ጋሼ ከረሜላ» እንላቸው ነበር፤ ኪሳቸው ከረሜላ አጥቶ አያውቅም። ያኔ እንደ ሥርዓቱ አንቱ እላቸዋለሁ። አሁን አድጌያለሁ፤ አንቱታውን ከላዩ ላይ ገፍፌዋለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ እዚያው ቅር ይበለው።

ዝናብ ባባራ ቁጥር ጋሼ ከረሜላ ሠራተኞቹን ከመጋዘኑ ያወጣል። ጠጠር ያስገለብጣል፣ አሸዋ ያስበትናል፣ በከባድ እንጨት ያስጠቀጥቃል። እሱ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ይቆማል። ጉድጓዱ ሞልቶ ሲያልቅ ይጠራናል።

«ልጆች! ይህን መንገድ ማን ሠራላችሁ?»

«ጋሼ ከረሜላ!»

«አልሰማሁም!»

«ጋሼ ከረሜላ!»

«ሁልጊዜስ ማነው የሚጠግንላችሁ?»

«ጋሼ ከረሜላ!»

ከዚያ ከረሜላው ይበተናል። ከሁሉም ድምፅ የእኔ ይጎላ ስለነበር፣ ለእኔ አንድ ይጨመርልኛል። «ይቺ ልጅ አፏ ወርቅ ነው» ይለኝና ፀጉሬን ያሻሻል። አባቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው፤ ስለዚህ አባት ማማረጥ የሚፈቀድልኝ ይመስለኝ ነበር፤ ያማረጥኩትም እሱን ነው። ሌላ አባት ለልጁ ጫማ ይገዛል፤ የእኔው መንገድ ይሠራል። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በልቤ እኩራራበት ነበር።

ይህ ሰው እኛን ልጆች ለምን እንዲህ አሰልፎ እንደሚያስጮኸን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ልጅ ከረሜላ እየላሰ ለምን ብሎ አይጠይቅም። አሁን ግን አውቃለሁ፤ ምስክር እያሠለጠነ ነበር።

ጠጠሩ ገና በቅጡ ሳይረገጥ፣ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እማዬ ከች ትላለች። አካፋውን ትተክላለች፣ በእግሯ ትረግጣለች፣ ትዝቃለች። የዛቀችውን ሌላ ቦታ አትደፋም፤ በእጅ ጋሪዋ ጭና እየገፋች ቅያሱን ዘልቃ ትሄድና መጋዘኑ በር ላይ ትገለብጠዋለች። ያ ነጭ አንሶላ የሚጫንበት ጋሪ ነው እንግዲህ። ማታ ደግሞ ቁጭ ብላ በሳሙና ትፈትገዋለች።

«ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ?» ይላታል የመጋዘኑ ዘበኛ።

«ዕቃችሁን ነው የመለስኩላችሁ።»

«ጋሼ እኮ ለእናንተ ብለው ነው!»

«ለእኛ ብሎ ከሆነ፣ አንፈልግም ብለዋል በለው። ጮክ ብለህ ንገረው፤ ሌላውም ይስማ።»

አንድ ቀን ጋሼ ከረሜላ ራሱ ወጣ። እኔ ጋሪውን ተከትዬ እዚያው ነበርኩ። ይጮህባታል፣ ዛሬስ ዋጋዋን ታገኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም አላደረግከኝም። እንዳታደርገኝ ነው።»

«አንተ» አለችው! ያን የሚያህል ሰው! ፊቴ ጋለ። እሱ ግን ምንም አልተቆጣም። ራሱን ነቅንቆ፣ ለእኔ ከረሜላ ወርወር አድርጎ ተመለሰ። ደግነቱ ነው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዛሬ ሳስበው ደግነት ሳይሆን ስሌት ነበር። ጠብ ከተነሳ ነገሩ ከቅያሱ አልፎ ይሰማል፤ እሱ ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈራው እንዳይሰማ ነው። ስለዚህ እሷ ትቆፍራለች፣ እሱ ይስቃል፣ ዝናብ ሲያባራ ደግሞ ይሞላዋል።

ልጆቹ በኋላ ዜማ አወጡልኝ። «የአፍራሿ ልጅ» እያሉ በጉድጓዱ ዙሪያ ይዘላሉ። ለምን ታፈርሳለች ብዬ ዳቦ ሻጯን ጠየቅኳት። ዱቄት የነካው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ምቀኝነት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ሰው መልካም ሲሠራ አያስችላትም» አለችኝ። ዳቦ ሻጯ ለመጋዘኑ ሠራተኞች በየቀኑ ዳቦ እንደምታስገባ አውቅ ነበር፤ ይህና ያ እንደሚገናኙ ግን አላወቅኩም። ምቀኝነት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነም በደንብ አልገባኝም። እንደ ጉንፋን ያለ፣ እናቴን የያዛት ነገር አድርጌ ወሰድኩት፤ እስኪተዋት ጠበቅኩ።

አልተዋትም። እንዲያውም የባሰባት የጎረቤታችን ቅያስ በር ያወጣ ቀን ነው።

ከግንቡ ወዲያ ሌላ ቅያስ ነበር፤ የእኛው መንታ በሉት። እዚያም ጋሼ ከረሜላ ሌላ መጋዘን ነበረው፤ እዚያም ጠጠር ይሞላል። የእነሱን ግን ማንም አያፈርስባቸውም፤ መንገዳቸው ለጥ ያለ ነበር። አንድ ቀን እማዬ እዚያ ለምትኖር ጓደኛዋ የታጠበ መጋረጃ ልታደርስ ስትሄድ ተከትያት ሄድኩ። ቅያሱ አፍ ላይ ስንደርስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ አዲስ የብረት በር ቆሟል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ በጣቴ ነካሁት። አንድ ዘበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ወዴት ነው?»

«ወዳጄ ጋ።»

«ስሟን ንገሪኝና ልጠይቅ።»

«ወዳጄ ቤት ለመሄድ አንተን ላስፈቅድ?»

«እኔን አይደለም። ባለቤቱን ነው።»

«የምን ባለቤት?»

«የመንገዱ ነዋ።»

እማዬ መጋረጃውን ታቅፋ በሩን እያየች ቆመች። ብዙ ቆመች። እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው፤ «እማዬ፣ የእኛስ መቼ ነው በር የሚኖረው?» አልኳት። እጄን ጨምቃ ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ።

ዛሬ ያ በር አለ። ቀለሙ ተቀይሯል፣ ዘበኛው ተቀይሯል፤ ከውስጥ የነበሩት ሰዎች ግን አንዳቸውም የሉም። በር ላይ መለማመጥ የሰለቻቸው ቀድመው ሄዱ፤ ውሃ የሚያመጣው መኪና እንዳይገባ የተከለከለባቸው ተከተሉ፤ የቀሩት ደግሞ ቤታቸውን ጋሼ ከረሜላ በሰጣቸው ዋጋ ለእሱው ትተው ወጡ። ማንም አልገፋቸውም። በር ብቻ ነው የተቆለፈው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ልብስ ሰፊው መጣ። ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ መርፌ ከከንፈሩ የማይለይ ሽማግሌ ነው፤ እማዬ የምታማክረው እሱን ብቻ ነበር። እኔ የመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። የሞቀ ጨርቅ ይሸታል። ከላይ የሚወርደው ወሬ ለእኔ ግማሹ ብቻ ነበር የሚደርሰኝ።

«እነዚያን ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰው ምን አላቸው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ማን ነው የሚጠግነው? አላቸው። እሳቸው ናቸው አሉ። ማን ተቃወመ? አላቸው። ማንም አሉ። አለቀ፤ ማንም ሳይቃወመው ለዓመታት የጠገነ መንገዱ የእሱ ይባላል።»

«እና የእኛስ?»

«የእኛም ተራ ይደርሳል። ማመልከቻ ልኬ ነበር፣ ሄጄም ነበር፤ መጥተን ስናይ ነው አሉኝ። እስኪመጡ እንግዲህ መቆፈር ነው።»

«ልጄ፣ ለምን እኛው ራሳችን ተሰብስበን አንሞላውም? የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጋሪሽም ያርፋል።»

ካውያው ጠረጴዛው ላይ ዷ ብሎ ተቀመጠ። «እኛ ከሞላነው የእኛ ይሆናል። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ከነመብራቱ ከነቦዩ እጁን ያነሳል። ያ ብቻ አይደለም፤ ነገ የተጣላ ሁሉ ‹በእኔ ጠጠር ላይ አትለፍ› ይባባላል። መንገድ ባለቤት ካገኘ መንገድነቱ ቀረ አባባ። የሁሉም ይሁን፤ የሁሉም የሆነውን የሁሉም ይጠግነው።»

«የማዘጋጃ ቤት አስፋልት? ላም አለኝ በሰማይ!»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ንቆናል። እስኪተፋው ድረስ አንቀዋለሁ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ እናቴ ሰው ልታንቅ ነው። ጋሼ ከረሜላን። ጠረጴዛው ሥር አልቅሼ አልቅሼ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዝናቡ በዚያ ዓመት ከበደ። አንድ ጠዋት እማዬ ከአፍ እስከ ገደፉ በአንሶላ የተሞላ ጋሪ እየገፋች ወጣች፤ እኔ ከኋላ እደግፋለሁ። ጉድጓዱ በውሃ ተሞልቶ ዳርቻው አይለይም። ጎማው ገባ። ጋሪው ወደ ጎን ዘመመ፣ ከዚያ ግልብጥ አለ። ያ ሁሉ የተተኮሰ፣ የታጠፈ፣ ነጭ አንሶላ ጭቃው ውስጥ ተንሳፈፈ። ዳቦ ሻጯ ከበሯ ላይ ሆና «ውይ!» አለች፤ ግን አልመጣችም። ማንም አልመጣም። ልብስ ሰፊው ብቻ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ መጥቶ ከጭቃው ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ።

እማዬ አላለቀሰችም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ለምን አትተዪላቸውም? ለምን ጋሼ ከረሜላ እንዲሞሉት አትተዪም?» ብዬ ጮህኩባት፤ ቅያሱ በሙሉ እየሰማ።

ጭቃ የነካ አንሶላ እንደታቀፈች ዞራ አየችኝ። «ሰውዬው የሚሞላው ጉድጓዱን አይደለም። አፋችንን ነው» አለችኝ።

የከረሜላውን ነገር ያወቀችብኝ መሰለኝ። አፌ ውስጥ አንድ ነበረ፤ ሳላኝክ ዋጥኩት። ጉሮሮዬን ቧጭሮኝ ወረደ። ከዚያ በኋላ አንሶላውን አብሬ ለቀምኩ፤ እንደገና ስታጥብም ሳሙና አቀበልኳት። ሆቴሉ በመዘግየቷ ተቆጥቶ ለትንሽ ጊዜ ሥራ ከለከላት፤ በዚያ ሰሞን ዳቦ ሻጯን እንኳ ዱቤ አልጠየቀችም። ጉድጓዱን ግን አልሞላችውም። ሌላ ሰው ቢሆን ይሞላው ነበር። እኔ ራሴ ዛሬ ብሆን፣ ይህን ሁሉ እያወቅኩ እንኳ፣ በዚያ ቀን ጠጠር አልለምንም ብዬ አልምልም።

መንገዱ የግል ነው የሕዝብ የሚለውን የሚወስነው የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ የመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ቀጭን፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ጫማው ጭቃ የለመደ ሰው ነበር። ጋሼ ከረሜላ መምጣቱን ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ፣ ጎህ ሲቀድ ጉድጓዱን በሲሚንቶ አስሞልቶ፣ እስኪደርቅ ሁለት ዘበኛ አቁሞበታል። እማዬ አካፋዋን ይዛ ብትወጣም አላስጠጓትም። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዳችን ያለ አንድ ጉድጓድ ለጥ ብሎ ታየ። እኔ ደስ ብሎኝ በአንድ እግሬ ዘለልኩበት።

ሰው ሁሉ ወጣ። ጋሼ ከረሜላ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እንግዲህ እንደሚያዩት ነው» አለ። «ይህን ቅያስ ለዓመታት የጠገንኩት እኔ ነኝ። በገዛ ጠጠሬ፣ በገዛ ሰዎቼ። አንድም ሰው ተቃውሞኝ አያውቅም። ደስ ብሏቸው ነው የሚኖሩት።»

«እኔ ተቃውሜያለሁ» አለች እማዬ።

«ዛሬ ነው የተቃወምሽው?» አለ መሐንዲሱ።

«እስካሁንም። የሞላውን ሁሉ አፍርሻለሁ።»

መሐንዲሱ ለጥ ያለውን መንገድ አየ። «የታለ?»

ጋሼ ከረሜላ ሳቀ። «ምስኪን ነች፤ አትፍረዱባት። ጎረቤት ይኸው አለ፤ ይናገር።»

እማዬ ጎረቤቶቿን አየች። ዳቦ ሻጯ የሽርጧን ጫፍ ትጠቀልላለች። ሌሎቹ ጫማቸውን ያያሉ። በጠራራ ፀሐይ ቆመው ሲስቁባት የነበሩት ሁሉ፣ አንዳቸውም እንዳላየ ሰው ሆኑ። እናቴ እንደዚያ ብቻዋን ሆና አይቻት አላውቅም። ፊቷ ላይ የቆመው ጭንቀት ዛሬም ይታየኛል፤ ያኔ ግን የምቀኝነቱ ሕመም የተነሳባት ነበር የመሰለኝ።

«እኔ አይቻለሁ» አለ ልብስ ሰፊው፣ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ።

«እሱማ ያያል» አለ ጋሼ ከረሜላ። «ግድግዳ ይጋራሉ፤ ቤቷ የሚያመሸውም እሱ ነው።» ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አለ። ልብስ ሰፊው ጆሮው ድረስ ቀላ። መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ።

«ልጅ አይዋሽም» አለ ጋሼ ከረሜላ፤ እጁንም አጨበጨበ። «ልጆች! ኑ እስቲ! ይህን መንገድ ማን ሠራላችሁ?»

«ጋሼ ከረሜላ!»

«ሁልጊዜስ ማነው የሚጠግንላችሁ?»

«ጋሼ ከረሜላ!»

እኔ ከሁሉም በላይ ጮህኩ። ግን አልበቃኝም። ይህ ደግ ሰው ስንት ተበድሎ፣ ስንት ተዋርዶ፣ ስለራሱ አንድ ቃል ሳይናገር ቆሟል! እማዬ ደግሞ አሁንም ልትከራከረው ትፈልጋለች። ውስጤ የታመቀው ሁሉ ገነፈለ። ከልጆቹ መሃል ወጥቼ መሐንዲሱ ፊት ቆምኩ።

«ግን እማዬ ታፈርስባቸዋለች!» አልኩ። «እሳቸው ይሞላሉ፣ እሷ ትቆፍራለች! ሁልጊዜ ነው! ጠጠሩን በጋሪ ጭና በራቸው ላይ ትደፋባቸዋለች! ‹አንፈልግም ብለዋል በለው› ትላለች! ‹አንተ› ትላቸዋለች!»

መሐንዲሱ እኔን ለማየት ቁጢጥ አለ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

በጣቴ እማዬን አሳየሁት። ማልቀስ ጀምሬያለሁ።

«መቼ ነው የምትቆፍረው? ማታ ማታ?»

«በቀን! ሰው ሁሉ እያየ! እኔ እኮ አፍራለሁ! እሳቸው ደግሞ ምንም አይሏትም፤ ይስቃሉ፤ ከዚያ እንደገና ይሞላሉ፤ እሷም እንደገና…»

«ለምን ይመስልሻል የምታፈርሰው?»

«ምቀኛ ስለሆነች ነዋ!»

መሐንዲሱ ያ የማይፈታው ፊቱ ሊፈታ ደርሶ ተመለሰ። ቁጢጥ ካለበት ተነሳ፤ ጉልበቱን አራገፈ።

«አንድም ሰው ተቃውሞኝ አያውቅም አላልክም?» አለው።

«የልጅ ነገር…» አለ ጋሼ ከረሜላ።

«ልጅ አይዋሽም ያልከው አንተ ነህ።»

ያን ጊዜ ነው ዳቦ ሻጯ የሽርጧን ጫፍ የለቀቀችው። «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለች ወደ ፊት ወጣ ብላ። «የዳቦ ሽያጬም ይቅርብኝ። ስትቆፍር አይቻለሁ፤ ስቄባታለሁም።» ከእሷ በኋላ ጎርፉ መጣ። አንዱ «እኔም አይቻለሁ»፣ አንዱ «ጋሪው በእኔ በር ነው የሚያልፈው»፣ አንዱ «አንሶላዋ ጭቃ ሲገባ ነበርኩ፤ ይኸው ዛሬም ያንገበግበኛል» እያለ ቅያሱ በሙሉ መናገር ጀመረ። አፉን የሞላው ነገር ምን እንደነበር እንጃ፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፋው። መሐንዲሱ የእኛ ቤት ግድግዳ ጥግ ላይ በቢጫ ቀለም ምልክት ቀባ። «ይህ መንገድ የሕዝብ ነው። የግል አይሆንም» አለና ሄደ።

እኔ እማዬ ትገርፈኛለች ብዬ ጠበቅኩ። መጥታ ብድግ አድርጋ አቀፈችኝ፤ አንገቴ ሥር ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ የትኛው እንደሆነ አልለየሁም። ምቀኝነቷ የተዋት መሰለኝና እኔም አቀፍኳት።

ካደግኩ በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ሲገባኝ፣ ተቆጥቼ ጠየቅኳት። ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ምቀኛ ስቆጥራት፣ ልጆቹ ሲዘፍኑብኝ፣ ለምን አንድ ቃል አልነገርሽኝም አልኳት። አንሶላ እያጠፈች ነበር፤ አንዱን ጫፍ አስያዘችኝ።

«ብነግርሽ ኖሮ ትመሰክሪልኝ ነበር» አለች። «ለእናቷ የምትመሰክርን ልጅ ማን ያምናታል?»

«እና አውቀሽ ነው?»

«ኧረ የምን ማወቅ! አንቺን ማን ያዝሻል? ዝም በይ ብልሽ ዝም አትዪ፣ ተናገሪ ብልሽ አትናገሪ። ዝም ብዬ ስቆፍር ነበር።» አንሶላውን ሳብ አድርጋ አቃናችው። «እሱ ነው ያስተማረሽ። ጮክ በሉ ይላችሁ የለ?»

የማዘጋጃ ቤቱ መኪና የመጣው ቆይቶ ነው፤ ልብስ ሰፊው ላም በሰማይ ማለት እስኪሰለቸው ድረስ ቆይቶ። ግን መጣ። ሲሚንቶውን ሰብረው አወጡ፤ ቦይ ቆፈሩ፤ ምሰሶ ተከሉ፤ ሬንጅ እየጨሰ አፈሰሱ። አስፋልቱ በቀዘቀዘ ማግስት እማዬ ጋሪዋን ጭና ወጣች። እኔ አንሶላው ላይ ተቀምጫለሁ፤ ያን ቀን ተፈቅዶልኛል። ጎማው ድምፅ የለውም። መሃል መንገዱ ላይ፣ ድሮ ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ከኋላችን ጥሩንባ ተነፋ።

ጋሼ ከረሜላ ነው፤ ከመጋዘኑ እየወጣ። መኪናው ከጋሪው ጀርባ ቆሟል። ደግሞ ጥሩንባ ነፋ። እማዬ አልቸኮለችም። ጋሪውን ቀስ ብላ ወደ ዳር አደረገች፣ ዞር አለች፣ ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋች። እንደ ትልቅ እንግዳ አስተናጋጅ።

«እለፉ እንጂ ጋሼ» አለችው፤ አንቱ ብላ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ማን ከለከልዎት? መንገዱ የእርስዎም ነው።»

ታረቁ ብዬ አጨበጨብኩ። ሰውዬው ግን መስታወቱን ወደ ላይ ዘጋ፤ አንገቱ ድረስ ቀልቶ፣ ወደ እኛ ሳያይ አለፈ። ከረሜላም አልወረወረልኝም። ለምን እንደተናደደ ሊገባኝ አልቻለም፤ በእድሜዋ ሙሉ እንደዚያ አክብራ ያናገረችው ያን ቀን ብቻ ነበር።

መኪናው አስፋልቱ ጋ ደርሶ እስኪታጠፍ ጠበቀች። ከዚያ ጋሪውን መልሳ ወደ መሃል መንገድ አስገባችውና መግፋት ጀመረች።